ትኬት ቆራጩና ጫኝ አውራጁ

ባለ ሁለት ፎቁ ቀይ የለንደን አውቶቡስ በዚያ ዘመን ሁለት ሠራተኞች ነበሩት። አንደኛው ሾፌሩ ነው። ጠዋት መሪውን ይጨብጣል፣ ማታ ይለቀዋል፤ ከሥራ ሰዓቱ አብዛኛውን የሚያሳልፈው ተቀምጦ ነው። ሁለተኛው ትኬት ቆራጩ ነው። እሱ ደግሞ ሒሳብ ለመሰብሰብ ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች ሲመላለስ ይውላል። በአንድ የሥራ ቀን ከ500 እስከ 750 ደረጃ ይወጣል። ሁለቱም በአንድ መሥሪያ ቤት የተቀጠሩ፣ አንድ ዓይነት የደንብ ልብስ የሚለብሱ፣ ኑሯቸውም ሆነ ደመወዛቸው እምብዛም የማይራራቅ ሰዎች ናቸው። የሚለያዩት አንዱ ወንበር ላይ ሌላው ደረጃ ላይ በመዋሉ ነው።

(የእኛው የአንበሳ አውቶቡስ ትኬት ቆራጭ በበሩ አጠገብ በተሠራችለት መቀመጫ ላይ ሆኖ ሲቆርጥ የኖረ ነው፤ የሚሄደው ተሳፋሪው ወደሱ ነው። ነገሩ አዲስ አበባ ላይ ተጠንቶ ቢሆን ኖሮ ምንም ባልተገኘ ነበር።)

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት የእንግሊዝን ሐኪሞች ግራ ያጋባ አንድ ነገር ነበር። በአርባዎቹና በአምሳዎቹ ዕድሜ የሚገኙ፣ ሕመም ያልነበራቸው ወንዶች ደረታቸውን ይዘው በድንገት ይወድቃሉ። ምክንያቱን በእርግጠኝነት የሚናገር ሰው አልነበረም። ዶ/ር ጄሪ ሞሪስ የተባሉ፣ በሊቨርፑል ተወልደው በግላስጎ ድኃ ሠፈር ያደጉ ሐኪም፣ ምክንያቱ ምናልባት ሰዎቹ ቀኑን ሙሉ ከሚሠሩት ሥራ ጋር የተያያዘ ይሆናል ብለው ጠረጠሩ። ወደ 31,000 የሚጠጉ የለንደን የትራንስፖርት ሠራተኞችን መዝገብ ይዘው ተከታተሉ። በ1953 «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው ውጤት እንዲህ የሚል ነበር፦ ትኬት ቆራጮቹ ከሾፌሮቹ ያነሰ የልብ ሕመም ይይዛቸዋል፤ ሲይዛቸውም በኋለኛ ዕድሜ ነው፤ ወዲያውኑ የመሞታቸውም ዕድል አነስተኛ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሞሪስ ችኩል ሰው አልነበሩም። ግኝታቸውን ወዲያው ከማሳተም ይልቅ በሌሎች ሠራተኞች ላይ ደግመው ፈተሹት። በእግርና በብስክሌት ደብዳቤ የሚያድሉትን የፖስታ ሠራተኞች ከቢሮ ጸሐፊዎችና ከስልክ ኦፕሬተሮች ጋር አነጻጸሩ፤ ውጤቱ ያው ሆነ። እንዲያም ሆኖ ተቺ አልጠፋም። «ምናልባት መጀመሪያውኑ ወፍራሙ ሰው ሾፌርነትን፣ ቀልጣፋው ትኬት ቆራጭነትን ይመርጥ እንደሆነስ?» የሚል ጥያቄ ተነሣ። ሞሪስ ምን አደረጉ? ወደ ደንብ ልብስ ክፍሉ ሄዱ! መሥሪያ ቤቱ ለየሠራተኛው ያሰፋውን ሱሪ የወገብ ልክ ከነመዝገቡ ያዩት ጀመር። በእርግጥም የሾፌሮቹ ወገብ ገና ሲቀጠሩ ጀምሮ ሰፋ ያለ ሆኖ ተገኘ፤ ይህንንም ሳይደብቁ በ1956 አሳተሙት። በኋላ ግን ወፍራሙን ከወፍራም፣ ቀጭኑን ከቀጭን ሲያስተያዩ፣ ትኬት ቆራጩ አሁንም ከሾፌሩ ይሻል ነበር። በሱሪ ልክ የልብን ምሥጢር የፈለገ ሌላ ሐኪም ስለመኖሩ ይህ ጸሐፊ አልሰማም።

ይህን ሁሉ ማንሣቴ ዛሬ በየጂምናዚየሙ በር፣ በየካፌው ጠረጴዛ ለሚሰማው ክርክር ነው፦ ለልብና ላማረ እርጅና የሚበጀው ሩጫ ነው ወይስ ብረት ማንሣት? ሯጩ ብረት አንሺውን «ጡንቻ እንጂ ልብ የለህም» ይለዋል። ብረት አንሺው በበኩሉ ሯጩን በአጥንቱ ይቀልድበታል። በእኔ ግምት ክርክሩ የመጣው ከሰው አካል አይደለም። ያመጣው የታሪክ አጋጣሚ ነው፤ ማን መጀመሪያ እንደተጠናና ምን መጀመሪያ እንደተለካ ነው የወሰነው።

አስቀድሞ ሐኪሞች ሁለቱንም ይፈሩ ነበር። በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት እንግሊዝ ውስጥ፣ በኦክስፎርድና በኬምብሪጅ ዩኒቨርሲቲዎች መካከል የሚደረገው የጀልባ ቀዘፋ ውድድር የወጣቶቹን ልብ ይጎዳል፣ ዕድሜያቸውንም ያሳጥራል የሚል ስጋት በሰፊው ይወራ ነበር። ዶ/ር ጆን ሞርጋን የተባሉ የማንችስተር ሐኪም ከ1829 እስከ 1869 የቀዘፉትን ሰዎች አንድ በአንድ አፈላልገው በ1873 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ቀዛፊዎቹ ከሚጠበቀው ሁለት ዓመት ያህል ጨምረው እንደሚኖሩ አሳዩ። ፍርሃቱ ግን ቶሎ አልለቀቀም። እስከ ሃያኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ድረስ ልቡን የታመመ ሰው የሚታዘዝለት ለሳምንታት አልጋ ላይ መዋል ነበር።

ከለንደኑ አውቶቡስ ቀጥሎ የመጣው ሁለተኛው ታላቅ ጥናት ከሳን ፍራንሲስኮ ወደብ ነው። አሜሪካዊው ዶ/ር ራልፍ ፓፌንባርገር 6,351 የወደብ ሠራተኞችን ለ22 ዓመታት ተከታተሉ። በዚያ ወደብ ደንብ መሠረት አዲስ የሚቀጠር ሁሉ ቢያንስ አምስት ዓመት በጫኝ አውራጅነት መሥራት ነበረበት፤ ስለዚህ «ጠንካራው ብቻ ነው ከባዱን ሥራ የመረጠው» የሚለው ትችት እዚህ ብዙ አያስኬድም። በ1975 የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው፣ ከባድ ጭነት የሚያነሡት ሠራተኞች በልብ ሕመም የመሞታቸው መጠን ቀላል ሥራ ከሚሠሩት ግማሽ ያህል ነበር።

እዚህ ላይ አንባቢ ቆም ብሎ እንዲያስብልኝ እለምናለሁ። ጫኝ አውራጅ የሚሠራው ምንድን ነው? አይሮጥም። ከረጢቱን ከመሬት ያነሣል፣ ይሸከማል፣ ይጥላል፣ ትንፋሹን ይሰበስባል፣ እንደገና ያነሣል። ዛሬ ጂምናዚየም ውስጥ ብረት ማንሣት ከምንለው ጋር በጣም የቀረበ ነው። ፓፌንባርገር ራሳቸው ልብን የጠበቀው ይህ እየደጋገመ የሚመጣ ብርቱ ጥረት ሳይሆን አይቀርም ብለው ነበር። የለንደኑ ትኬት ቆራጭም ቢሆን በየቀኑ የገዛ ክብደቱን ተሸክሞ ደረጃ የሚወጣ ሰው ነው፤ ትንፋሹና ጭኑ አብረው ይሠራሉ። ይህን ሥራ ሩጫ ወይስ ብረት ብሎ ሊመድበው የሚችል ማን ነው?

የሆነ ሆኖ ሁለቱም ሥራዎች እየጠፉ ሄዱ። ወደቡን ኮንቴይነርና ክሬን ወሰደው፤ ትኬት ቆራጩን የያዘው የለንደን አውቶቡስም በ2005 መጨረሻ ላይ ከመደበኛ መስመሩ ወጣ። ሰው ተቀምጦ የሚውል ፍጡር ሲሆን እንቅስቃሴው ከሥራ ሰዓት ውጭ መፈለግ ነበረበት። ክፍፍሉ የተጀመረው ያኔ ነው፤ ምክንያቱም በትርፍ ሰዓት የሚደረግ ነገር ስም ይፈልጋል፣ መጽሐፍ ይፈልጋል፣ ጫማ ይፈልጋል።

መጀመሪያ የደረሰው ሩጫ ነው። የኦሪገኑ አሠልጣኝ ቢል ባወርማን በ1962 ወደ ኒውዚላንድ ሄደው፣ በአርተር ሊዲያርድ አነሣሽነት ሽማግሌና አሮጊት ሳይቀር በየመንደሩ ሶምሶማ ሲሮጥ አዩ። ተመልሰውም ከአንድ የልብ ሐኪም ጋር ሆነው ስለ ሶምሶማ ሩጫ መጽሐፍ አወጡ። በ1968 ደግሞ የአሜሪካ አየር ኃይል ሐኪም የነበሩት ኬኔት ኩፐር «ኤሮቢክስ» የተባለውን መጽሐፋቸውን አሳተሙ፤ ቃሉ ከላቦራቶሪ ወጥቶ የሕዝብ ቃል የሆነው በዚህ መጽሐፍ ነው። ኩፐር ሰውን የሚለኩት በ12 ደቂቃ ውስጥ በሚሮጠው ርቀት ነበር። ይህ ለማንም የሚገባ፣ በየሜዳው የሚሠራ ሚዛን ነው። ጡንቻ ግን በዚያ ሚዛን ላይ ዋጋ አልነበረውም፤ ፈርጣማ ደረት የልብ ጤንነት ማስረጃ አይደለም ተባለ። ነገሩ እውነትነት አለው። ግን ከዚያ ተነሥቶ ጡንቻ ከናካቴው ለጌጥ ነው ወደሚለው መደምደሚያ ለመሻገር ብዙ ጊዜ አልወሰደም።

የሩጫው እምነት እያደር ወደ ሃይማኖትነት ተጠጋ። በሰባዎቹ ዓመታት ቶማስ ባስለር የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም ማራቶን የሚሮጥ፣ ሲጋራ የማያጨስ ሰው በልብ የደም ሥር መጥበብ አይሞትም እስከ ማለት ደረሱ። የእምነቱ ታላቅ ሰባኪ ግን ሐኪም አልነበረም። ጂም ፊክስ የመጽሔት አዘጋጅ ነበር። በ35 ዓመቱ ክብደቱ ወደ 97 ኪሎ የደረሰ፣ በቀን ሁለት ፓኮ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ነበር። አባቱ በ35 ዓመታቸው የልብ ሕመም ይዟቸው በ43 ዓመታቸው ሞተዋል። ፊክስ ይህን ያውቅ ነበርና መሮጥ ጀመረ፤ ከሳ፤ ሲጋራውን ተወ፤ በ1977 ያወጣው የሩጫ መጽሐፍም እጅግ ተሸጠ። ሐምሌ 20 ቀን 1984 ቬርሞንት ውስጥ ሃርድዊክ በምትባል ትንሽ ከተማ መንገድ ዳር ሲሮጥ ወድቆ ሞተ። ዕድሜው 52 ነበር። አስከሬኑ ሲመረመር ልቡን የሚመግቡት የደም ሥሮች ክፉኛ ጠበው ተገኙ። ኩፐር በኋላ እንደጻፉት፣ ፊክስ ከመሞቱ ጥቂት ወራት በፊት ወደ ዳላሱ ማዕከላቸው መጥቶ የልብ ምርመራ እንዲያደርግ ቢጋበዝ አልፈለገም።

ያን ጊዜ የሳቀ ሰው ብዙ ነው። ለእኔ ግን አያስቅም። ከአባቱ በዘጠኝ ዓመት በልጧል፤ እነዚያን ዓመታት ሩጫው ሰጥቶት እንደሆነ ማን ያውቃል? ፊክስን የገደለው መሮጡ ሳይሆን፣ የሮጠ አይታመምም የሚለው እምነት ይመስለኛል።

ወደ ብረቱ እንምጣ። ብረት ማንሣት ወደ ሕክምናው ዓለም የገባው በጓሮ በር ነው። አስቀድሞ የሰርከስና የቲያትር ቤት ነገር ነበር። ዩጂን ሳንዶው የተባለው ጀርመን ወለድ ጡንቸኛ በ1901 ለንደን አልበርት አዳራሽ ውስጥ ታላቅ የሰውነት ውበት ውድድር ሲያዘጋጅ፣ ከዳኞቹ አንዱ የሸርሎክ ሆልምስ ደራሲ አርተር ኮናን ዶይል ነበሩ። ሐኪሞችም አሠልጣኞችም ብረትን የሚያዩት በጥርጣሬ ነበር፤ ጅማትን ያሳስራል፣ ልብን ያሳብጣል ይሉ ነበር።

ይህን ግንብ የነደለው ራሱ የልብ በሽተኛ ይሆናል ተብሎ የተፈራለት ልጅ ነው። ቶማስ ዴሎርም በአላባማ በወጣትነቱ ሩማቲክ ትኩሳት ያዘው። በሽታው በጉሮሮ ሕመም ጀምሮ ልብ ላይ የሚያርፍ ነው፤ በሀገራችንም ስንቱን ለጋ ልጅ ለልብ ቀዶ ጥገና ወረፋ ያስያዘ በመሆኑ ለአንባቢ እንግዳ አይደለም። ዴሎርም ለወራት አልጋ ላይ ዋለ። ከእንግዲህ ከባድ ነገር እንዳትነካ ተባለ። እሱ ግን ከተኛበት ሲነሣ ከባቡር ጣቢያ የተጣለ ብረት ለቃቅሞ ማንሣት ጀመረ፤ ጠነከረም። ከዓመታት በኋላ ሐኪም ሆኖ በጦርነቱ መጨረሻ ቺካጎ በሚገኝ የጦር ሆስፒታል ሲመደብ፣ ጉልበታቸው የተጎዳ ወታደሮች አልጋውን ሞልተውታል። የዘመኑ ሕክምና ቀላል ነገር ብዙ ጊዜ ማንቀሳቀስ ነበር። ዶ/ር ዴሎርም ገልብጠው ከባድ ክብደት ጥቂት ጊዜ፣ ደግሞም ከሳምንት ሳምንት እየጨመሩ እንዲያነሡ አደረጉ። ወታደሮቹ በፍጥነት ቆሙ። በ1945 ያሳተሙት ጽሑፍ ዛሬ በየጂምናዚየሙ «ሦስት ዙር፣ አሥር አሥር ጊዜ» ለሚባለው ልማድ መነሻ ነው።

ይሁን እንጂ ጉልበት ዳነ ማለት ልብ ዳነ ማለት አይደለም። ለልብ ሐኪሞች ፍርሃት ጥሩ ምክንያት ነበራቸው። በ1985 ካናዳ ውስጥ ማክዱጋልና ባልደረቦቹ በአምስት የሠለጠኑ ብረት አንሺዎች ክንድ የደም ሥር ውስጥ መለኪያ አስገብተው፣ በሁለት እግራቸው ከባድ ክብደት ሲገፉ ግፊታቸውን ለኩ። በአንደኛው ላይ 480 በ350 ደረሰ! በጤነኛ ሰው 120 በ80 መሆኑን ለሚያውቅ አንባቢ ይህ ቁጥር የማይታመን ነው። ግፊቱ የሚቆየው ለቅጽበት ነው፤ ብረቱ ሲወርድ አብሮ ይወርዳል። ትንፋሽን አፍኖ መግፋት ነው ይበልጡን የሚያንረው፤ ስለዚህም ነው «ስታነሣ ተንፍስ» የሚባለው። ቢሆንም ይህን ያየ ሐኪም ለደም ግፊት በሽተኛ ብረት ለማዘዝ ቢያመነታ አይፈረድበትም። ሯጭና ዋናተኛ ልቡ የሚሰፋው ብዙ ደም ስለሚመላለስበት ነው፤ ታጋይና ብረት አንሺ ደግሞ ግፊት ስለሚበዛበት ግድግዳው ይወፍራል የሚል ሐሳብ ከ1975 ጀምሮ ነበር። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ድንበሩ ያን ያህል የጠራ እንዳልሆነ አሳይተዋል።

የብረቱን ስም የቀየረው ከልብ ክፍል ሳይሆን ከአረጋውያን መኖሪያ የመጣ ወሬ ነው። በ1989 ኧርዊን ሮዘንበርግ ከዕድሜ ጋር የሚመጣውን የጡንቻ መመናመን «ሳርኮፔንያ» ብለው ስም አወጡለት፤ በግሪክኛ የሥጋ ማነስ ማለት ነው። እርጅና ነው ተብሎ ዝም ይባል የነበረ ነገር ስም ሲያገኝ በሽታ ሆነ፤ በሽታ ከሆነ ደግሞ መድኃኒት ይፈለግለታል። በማግሥቱ ዓመት ዶ/ር ማሪያ ፊያታሮን ቦስተን በሚገኝ የአረጋውያን ተቋም አማካይ ዕድሜያቸው 90 የሆነ አሥር ደካማ ሰዎችን ለስምንት ሳምንት የእግር ክብደት እንዲያነሡ አደረጉ። ለሽማግሌ የሚገባ ቀላል ነገር አልነበረም፤ እንደየአቅማቸው ከባድ የሚባለውን ነው ያነሡት። የእግራቸው ኃይል በአማካይ በ174 በመቶ ጨመረ። ሁለቱ ያለ ከዘራ መሄድ ቻሉ። ልምምዱን ለአራት ሳምንት ሲያቆሙ ግን ካገኙት ኃይል ሲሶ ያህሉ ከዳቸው።

እኔን የሚነካኝ ከዘራው ነው። ልቡ እንደ ወጣት የሚመታ፣ ነገር ግን ከወንበሩ ያለ ሰው እርዳታ መነሣት ያቃተው አዛውንት በየቤታችን አለ። መታጠቢያ ቤት ውስጥ ወድቆ ዳሌው ይሰበራል፤ ይተኛል፤ በዚያው ይቀራል። የሞቱ ምክንያት ሲጻፍ ማንም «ጭኑ ስለ ከሳ» ብሎ አይጽፍም።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ፈጠነ። የአሜሪካ የልብ ማኅበር በ2000 በሐኪም ምክር የሚደረግ ብረት ማንሣት ለልብ በሽተኞችም ጭምር እንደሚጠቅም ገለጸ። የዓለም የጤና ድርጅት በ2010 ባወጣው፣ በ2020 ባሻሻለው መመሪያ፣ አዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃን የመሰለ እንቅስቃሴ እንዲያደርግና ከዚያም ጋር ሁለት ቀን ጡንቻውን እንዲያሠራ መከረ። በ2015 በ17 አገሮች ወደ 140,000 የሚጠጉ ሰዎችን የያዘ ጥናት ታተመ፤ የእጅ ጭብጥ ኃይል በአምስት ኪሎ ባነሰ ቁጥር የመሞት ዕድል በ16 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። የልጆች ጨዋታ የሚመስለው ጭብጥ ሞትን በመተንበይ ረገድ ከላይኛው የደም ግፊት ቁጥር በለጠ። ጭብጡ ግን ምልክት ነው፤ ያደከመው ሌላ ሕመምም ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ጫኝ አውራጁ ትክክል ነበር ማለት ነው? እዚህ ላይ ታሪኩ አንድ መራራ ነገር ይዟል። በቅርብ ዓመታት በተለይ ከአውሮፓ የተሰበሰቡ ጥናቶች፣ ለእንጀራ ብሎ ከባድ የጉልበት ሥራ የሚሠራ ወንድ ቀድሞ የመሞት ዕድሉ ከፍ እንደሚል እያሳዩ ነው፤ ያው ድካም በትርፍ ሰዓት በፈቃድ ሲደረግ ግን ዕድሜ ይጨምራል። ድህነትና ሲጋራ ያመጡት ነው የሚሉ አሉ። በሥራ ላይ ያለ ሰው ሲደክመው የማረፍ መብት ስለሌለው ነው የሚሉም አሉ። ከእንጦጦ የማገዶ እንጨት በጀርባቸው አዝለው ሲወርዱ የኖሩትን እናቶች ያየ ሰው ይህን ለመረዳት ጥናት አያስፈልገውም። ዳገት አለ፣ ሸክም አለ፣ ትንፋሽ አለ፤ ሩጫውም ብረቱም በአንድ ጀርባ ላይ ነው። ምሳና እረፍት ግን የለም።

ለካፌው ክርክር ዳኛ የሚሆን ከተባለ፣ በ2024 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት አለ። ክብደታቸውና የደም ግፊታቸው ከፍ ያለ፣ ከ35 እስከ 70 ዓመት ዕድሜ ያላቸው 406 ሰዎች በዕጣ በአራት ተከፈሉ። አንዱ ቡድን ሩጫና ብስክሌት የመሰለ እንቅስቃሴ ብቻ፣ ሌላው ብረት ብቻ፣ ሦስተኛው ግማሽ ሰዓት ከዚህ ግማሽ ሰዓት ከዚያ፣ አራተኛው ምንም። በሳምንት ሦስት ቀን፣ አንድ አንድ ሰዓት፣ ለአንድ ዓመት። የደም ግፊትን፣ ጎጂውን ኮሌስትሮል፣ ስኳርንና የሰውነት ስብን አንድ ላይ ሲደምሩት፣ የሩጫው ቡድንና የቅልቅሉ ቡድን ተሻሻሉ። ብረት ብቻ ያነሣው በዚህ ሚዛን ምንም ካላደረገው አልተለየም። ብረት አንሺ ወዳጆቼ ይቀየሙኛል፤ ግን ሯጩም አይፎክር። ቅልቅሉ የሩጫ ሰዓቱን በግማሽ ቀንሶ እኩል ውጤት አገኘ፤ በትርፉም ጡንቻውን አዳበረ። ኩፐርም ቢሆኑ በኋለኛው ዘመናቸው፣ ዕድሜ በጨመረ ቁጥር የብረቱ ድርሻ ከፍ ይበል ማለት ጀምረው ነበር።

ፓፌንባርገር ጥናታቸውን ራሳቸው ላይ የሞከሩ ሰው ናቸው። በ45 ዓመታቸው ግድም መሮጥ ጀምረው ከመቶ በላይ ማራቶንና ከማራቶን የረዘመ ውድድር ሮጡ፤ በ2007 በ84 ዓመታቸው ዐረፉ። እሳቸውና ሞሪስ በ1996 ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ለስፖርት ሳይንስ የሰጠውን የመጀመሪያ ሽልማት ተካፍለዋል።

ሞሪስ በ2009 ሲሞቱ መቶ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ወራት ቀርቷቸው ነበር። እስከ ሸመገሉ ድረስ ይዋኙ፣ ወደ ቢሯቸውም ይሄዱ ነበር። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ያስጨንቃቸው የነበረው ግን ደረጃም ሱሪም አልነበረም። አንድ አረጋዊ እንግሊዛዊ ጤንነቱን ጠብቆ ለመኖር በሳምንት ስንት ፓውንድ ያስፈልገዋል የሚለውን፣ ምግቡን፣ ቤቱን፣ ወዳጅ የሚጠይቅበትንና ሰውነቱን የሚያንቀሳቅስበትን ወጪ አንድ በአንድ እየጻፉ ያሰሉ ነበር። በ2007 ሒሳቡን ሲዘጉ፣ መንግሥት ለጡረተኛው ዋስትና ከሚሰጠው ገንዘብ በልጦ ተገኘ።